ያልሰማሁት ፉጨት

ከጨርቃጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ ስወጣ ያስረከብኩት መታወቂያዬን ብቻ አይደለም፤ ግማሽ ጆሮዬንም እዚያው ትቼ ወጥቻለሁ። አቃቂ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ሲጯጯኹ ካያችሁ ለመገላገል አትቸኩሉ። በማሽን ጩኸት የደነቆሩ የሽመና ክፍል ጓደኛሞች ሰላም እየተባባሉ ነው።

ባለቤቴ ግን ሰለቻት። "ወይ ጆሮህን ተመርመር፣ ወይ ከግድግዳው ጋር ላውራ!" አለችኝ።

የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነበርኩና ክብሬ ተነካ። "ድምፅ የሚያወጣ ነገር ራሴ እሠራለሁ። ካልሰማሁት ሐኪም ቤት እሄዳለሁ" ብዬ ተወራረድኩ።

ሳሪስ ሄጄ ኦፕ-አምፕ የሚሏትን ባለ ስምንት እግር ቺፕ ገዛሁ። ሥራው ቀላል ነው፤ ቺፗ የወጣውን ድምፅ መልሳ እየተቀበለች ታጎላዋለች። ሁለት ሬዚስተርና ሁለት ካፓሲተር የድምፁን ቅጥነት ይወስናሉ። አንዲት ትንሽ የክር አምፖል ደግሞ ድምፁ ሊያብጥ ሲል እየሞቀች አደብ ታስይዘዋለች። ሁሉን በይጄ ከአሮጌው ቴፕ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘሁና አበራሁት።

ጭጭ።

አምፖሏን ጠረጠርኩ፤ ቀየርኳት። ቺፗን ሰደብኳት፤ እሷንም ቀየርኳት። ባትሪ ላይ ደርሼ ሳለ ባለቤቴ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ከጓሮ ገባች።

"ኧረ በፈጠረህ አጥፋው! ይሄ ፉጨት ጭንቅላቴን በሳው!"

"የቱ ፉጨት?"

እሷ ወንበር ፈልጋ ተቀምጣ ሳቀች።

በአጉሊ መነጽር ሳይ፣ ሬዚስተሮቹ ላይ መጠናቸውን የሚናገረው፣ ብርቱካናማ ያልኩት ቀለበት ለካ ቀይ ነው። በዚህ የተነሳ ድምፁ ካሰብኩት አሥር እጥፍ ቀጥኖ የእኔ ጆሮ ከማይደርስበት ወጥቷል። ጆሮዬን ልፈትን ተነስቼ ዓይኔም አብሮ ወደቀ!

ትክክለኞቹን ሬዚስተሮች ተካሁ። አንድ ወጥ፣ ንጹህ፣ እንደ ዋሽንት ያለ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

"ሰማሁት! በላሁሽ!" ብዬ ጮህኩ።

እሷ ግን አልተከራከረችኝም። "ይሄንንማ ሰማህ። እኔ ቀስ ብዬ ሳወራስ?"

ይህን የሚያስተካክል ሬዚስተር ደግሞ ሳሪስም አይሸጥም።

ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ሄድን። መሣሪያዬን በፌስታል ይዣለሁ፤ የሐኪሙን ከእኔው ጋር ላስተያይ! ሚኒባሱ ውስጥ ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አለችኝ። ግማሹን ሰማሁ፤ ደስ ይላል። የቀረውን ስንመለስ አስደግማታለሁ።