ሲኞራ ሊያ ከቲቡርቲና ተሳፈሩ

ሐሙስ ንጋት፣ ሮም

ከቤት ስንወጣ ከወንዙ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል። ሲኞራ ሊያ ዘጠና ሊሞላቸው የተቃረቡ አይሁዳዊት ናቸው፤ እኔ እየጦርኳቸው አብሬያቸው እኖራለሁ። ፊሬንዜ ከተማ ያለችው የልጅ ልጃቸው ወልዳ አራስ ልንጠይቅ ነው።

ሁልጊዜ የምንሳፈረው ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ነበር። ትናንት ግን፣ «ትኬቱን ከቲቡርቲና ቁረጪው» ሲሉኝ ደነገጥኩ። በሕይወታቸው ረግጠውት የማያውቁት ጣቢያ ነው።

ታክሲ ውስጥ

ቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ላይ የሀበሻ ምግብ ቤቶቹ ገና አልተከፈቱም። ሾፌሩ በመስታወቱ አየት አድርጎ፣ እንደ አያቱ ቆጥሯቸው፣ «ኖና፣ በጠዋት ወዴት ነው?» አላቸው።

«እናቴ ጋ» አሉት።

ከዚያ ለእኔ ያወሩልኝ ጀመር። አባታቸው ጨርቅ አዟሪ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። የአይሁድ ልጅ ከሌላው ጋር አይማርም የሚል ሕግ ስለነበር ደጃፋቸው ያለው ትምህርት ቤት አልተቀበላቸውም። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች ሰፈሩን ከበው ቤት ለቤት ሰው ሲለቅሙ፣ አባታቸው ለንግድ ወጥተው ነበር። ትንሿ ሊያ ደረጃው ላይ ቆማ ሳለ አንዲት ክርስቲያን ጎረቤት እጇን ያዘች።

«ወታደሩ ‹ይቺስ?› አለ። ጎረቤታችን ‹የኔ ናት› አለችው። እናቴ በአጠገቤ እየተነዳች እንደማታውቀኝ ሆና አለፈች።»

«ምን ተሰማዎት?»

«ተቀየምኳት ልጄ። የገባኝ ራሴ ስወልድ ነው።»

ጦርነቱ እስኪያልቅ መነኮሳት ደበቋቸው። አባታቸው በሕይወት ተገኙ። አባትና ልጅ የእናትየውን ስፌት መኪና ጠግነው ሥራ ጀመሩ፤ ሲኞራ ሊያም በዚያው ሙያ ሦስት ልጆች አሳደጉ።

ቲቡርቲና

እኔ በስደት ሮም እንደገባሁ የበጎ ፈቃደኞች ሾርባ የጠጣሁት እዚሁ አካባቢ ነው። እናታቸውን ደግሞ ጀርመኖች የከብት ፉርጎ ውስጥ ከተው ወደ አውሽቪትዝ የሞት ካምፕ የላኳቸው ከዚህ ነው። አልተመለሱም።

ወንበር ላመጣላቸው ስል፣ «አይ፣ ቆሜ ነው» አሉኝ። ሰው በሻንጣው እየገፋን ያልፋል። ጓንታቸውን አውልቀው ግድግዳውን ነኩ።

«እማማ፣ አራስ ልጠይቅ እየሄድኩ ነው። ልንገርሽ ብዬ በዚህ መጣሁ።»

እኔ እንባዬን ስጠርግ እሳቸው ጓንታቸውን መልሰው አጠለቁ። «አሎራ፣ በይ እንግዲህ፣ ባቡሩ መጣ» አሉና ክንዴን ይዘው ወጡ። የባቡሩን ደረጃ ሲወጡ ሳያቸው የኮራሁትን ያህል በሰው ኮርቼ አላውቅም።

ፊሬንዜ

የልጅ ልጃቸው፣ «ኖና፣ መንገዱ አደከመሽ?» ብላ ሳመቻቸው።

«ጥሩ ነበር። በይ ልጅቷን ስጪኝ።»

ተቀበሏት። ምሳ ሲቀርብም አላስቀመጧትም፤ በአንድ እጃቸው በሉ።