ሰርቦ ላይ አልነሳም ያለችው ኮምፒውተር

አጎቴ ሰርቦ ውስጥ ቡና ይገዛል። መጋዘኑ ውስጥ ያለችው ኮምፒውተር ከማርጀቷ የተነሳ፣ እስክትከፈት ገበሬው ቡናውን አስመዝኖ ይሄድ ነበር። "አንቺ ይሄን ተምረሽ የለም እንዴ?" ሲለኝ አጎቴ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ይዣት ሄድኩና ቀለል ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩባት። እንደ አዲስ ሆነች። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ይበልጥ ትፍጠን ብዬ የማያስፈልግ የመሰለኝን ሁሉ አጠፋሁና፣ ሳልሞክራት በካርቶን ይዣት ተመለስኩ።

የገበያ ቀን ነበር። አጎቴ ጎረቤቱንም ቡና ሻጩንም ሰብስቦ ጠበቀኝ።

"የወንድሜ ልጅ ናት። ራሷ ናት የሠራቻት፤ አሁን ታያላችሁ" እያለ ወንበር ሳበልኝ።

አበራኋት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ወረደ፣ ወረደና ቀጥ አለ። የመጀመሪያው ፕሮግራም አልተገኘም ይላል።

"ማል ታኤ? ምን ሆነች?" አለ አጎቴ።

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

"ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው ከርነል የሚባለው ነው" አልኩ፣ ድምፄ እየቀጠነ። "እሱ አንድ ፕሮግራም ብቻ ያስነሳል። ሌላውን ሁሉ የሚያስነሳው ያ አንዱ ነው። እሱ ከሌለ የሚነሳ የለም።"

"ታዲያ የት ሄደ?" አሉ አንዲት አዛውንት፣ ከልባቸው ሊረዱ ፈልገው።

"እኔ... አጥፍቼው ይሆናል፣ እማማ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አጎቴ ግን "ኢንሻአላህ ትሠራለች" ብሎ ሰዉን ወደ ሚዛኑ መለሰ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በያዝኩት ፍላሽ አስነስቻት ውስጧን ፈተሽኩ። የመጀመሪያው ፕሮግራም ቦታው ላይ አለ! ግራ ገባኝ። ከፍቼ ሳየው ግን ጥቂት መስመር ትእዛዝ ብቻ ነው። ትእዛዙን አንብቦ የሚፈጽመው ሼል የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ያጠፋሁት እሱን ኖሯል። ከርነሉ ፋይሉ እያለ "አልተገኘም" ያለው አንባቢውን አጥቶ ነው። ተማሪ የማይስተውን ነገር ስቼ! ሼሉን ከፍላሹ ገልብጬ መለስኩት።

ፍላሹን ነቅዬ ሳበራት ወዲያው ተነሳች። ቀና ስል መጋዘኑ ውስጥ የቀረው አጎቴ ብቻ ነው።

"አልሃምዱሊላህ! ቆይ፣ ልጥራቸውና ይዩ" አለ።

"በአላህ፣ ተው፣ አትጥራቸው።"

"ለምን? ሠርታ የለም እንዴ?"

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ፣ ከገበያተኛው ጋር እንዳልገናኝ በጓሮ በኩል ዞሬ ወደ ሚኒባስ መነሻው ሄድኩ።