መኪና መንዳት ያልለመደው አፍቃሪ

ሰሞኑን ደብረ ታቦር መናኸሪያ በር ላይ ከአንዲት መጽሐፍ አዟሪ አዲስ የፍቅር ልብወለድ ገዛሁና ገና ገለጥ ሳደርገው የሙጫውና የቀለሙ ሽታ ያን የልጅነት ጥድፊያዬን ቀሰቀሰብኝ። የሚያስቅ የፍቅር ታሪክ ስይዝ ከድሮም አያስቀምጠኝም፤ ሁለቱ ሲኮራረፉ ክፍሉን እዞረዋለሁ፣ ሊታረቁ ሲሉ ደግሞ መስኮቱን ያለ ምክንያት ከፍቼ እዘጋለሁ። ይህ አመል የያዘኝ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ የኔታ ግቢ ውስጥ ሳለሁ ነው።

እኔና ታላቅ እህቴ ባንቺአምላክ ከእስቴ ገጠር መጥተን ሁለተኛ ደረጃ የምንማረው የኔታ ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ነበር። የኔታ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ዓይናቸው ደክሞ ፊደል መለየት ቢያቅታቸውም ጆሯቸው የተማሪን ስህተት ከአጥር ማዶ ይለቅም ነበር። ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ሲስቁ ያያቸው ሰው የለም ይባል ነበር። እህቴ ከክፍል ጓደኛዋ የተዋሰችውን ልብወለድ ከትምህርት ቤት መልስ ጮክ ብላ ስታነብልኝ የጭቃው ግድግዳ ድምፃችንን አሳልፎ እንደሚሰጠን አላሰብንም።

ታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና መንዳት ስለምታስተምር ቁጡ ሴትና እሷን ላለማጣት ሲል ሆን ብሎ ስለማይለምድ ተማሪዋ ነው። ወደፊት ሂድ ስትለው ወደኋላ ይሄዳል፣ ቁም ስትለው የሰው አጥር ይጥሳል፤ እኛም በሳቅ ፍርፍር እንላለን። አንድ ቀን በሩ ተንኳኳና የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ገቡ። ተቆጡን ብለን ስንሸማቀቅ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያ ሰውዬ አሁንም አልለመደም?»

«አልለመደም፣ የኔታ» አለች እህቴ በፍርሃት።

«እንደሱ ያለ ተማሪ እኔም ጋ አለ። የኔው ግን ሆን ብሎ አይደለም» አሉና፣ «ቀጥዪ እንጂ!» አሏት።

ከዚያ ወዲህ የኔታ ተማሪዎቻቸውን ሲያሰናብቱ እኛ ዘንድ መጥተው ማዳመጥ ያዙ። እኔ ትምህርት ቤት ልቤ አይረጋም፤ ደወሉ እስኪደወል እግሬ ዴስኩን ይደበድባል።

ያኔ ስማዳ ያለ አንድ ቤተሰብ እህቴን ለልጁ ጠይቆ ነበር። አባታችን ትማር በማለትና ትዳር በማለት መካከል ይዋልላል፤ አንድ ሰበብ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። በገበያ ቀን ስንቃችንን በአህያ ጭኖ ሲደርስ ሳቃችንን ከደጅ ሰማና በሩን በረገደው። ወንድና ሴት ተደጋግፈው የቆሙበትን የመጽሐፉን ሽፋን አየ።

«የላክኋችሁ ለዚህ ነው? ባንቺ፣ ጓዝሽን ሰብስቢ!»

እህቴ መጽሐፉን ከጀርባዋ ደበቀች። ከበሩ ጀርባ ጥግ የተቀመጡትን የኔታን አባታችን አላያቸውም ነበር።

«አንብቡልኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ታደለ» አሉ።

አባታችን ደንግጦ ጎንበስ አለ። «እርስዎ የኔታ? ይሄ እኮ ዳዊት አይደለም!»

«ዳዊቱንማ በቃሌ አውቀዋለሁ። የዚህን መጨረሻ ግን አላወቅሁም። ልጅቱን ዛሬ ብትወስድብኝ ቅር ይለኛል። ይልቅ ተቀመጥ።»

አባታችን የኔታን እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም፤ ተቀመጠ። እህቴ ካቆመችበት ቀጠለች። ሰውዬው መኪናውን የአስተማሪዋ እናት ለሰርግ ያስተከሉት ድንኳን ውስጥ ይዞ ሲገባ የአባታችን ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፣ አልሆነለትም። የኔታም በድዳቸው ሳቁ። ሲሄድ አህያውን እየፈታ፣ «ትጨርስ» አለኝ፤ መጽሐፉን ይሁን ትምህርቱን አላወቅሁም። የስማዳዎቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው ሌላ ሙሽራ ፈለጉ።

እህቴ ተምራ አዋላጅ ነርስ ሆነች፣ ባሕር ዳር ገባች፣ ወለደች። የኔታ አርፈዋል፤ ግቢያቸውም ተሸንሽኖ ሱቅ ተሠርቶበታል። ዛሬ ልብወለድ ስልኬም ውስጥ ሞልቷል፤ ያኔ አንዱን ለሦስት ሆነን ስንጠጣው የነበረውን ያህል ግን አንዱም አያጠግበኝም።

ትናንት አላስችል ብሎኝ ለእህቴ ደወልኩና አዲሱን መጽሐፍ ላነብላት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ሳልጨርስ እንደ ድሮዋ ሳቀች፤ ወዲያው ሆስፒታሉ ውስጥ ስሟን ሲጠሩ ሰማሁ። «ምጥ መጣ፣ መልሼ ልደውልልሽ፤ እንዳትቀድሚኝ!» ብላኝ ዘጋች።

እስካሁን አልደወለችም። ጣቴን ሁለተኛው ገጽ ላይ እንደሰካሁ ክፍሉን እየዞርኩ ነው።