የባለቤቴ እጅ የሚያርፍበት ብረት

ኮምፒውተር ላይ የብረት ሥራ ንድፍ መሳል ማንም አላስተማረኝም። ዴንቨር ኤርፖርት ታክሲ ይዤ ተራ ስጠብቅ፣ ላፕቶፑን መሪው ላይ አስደግፌ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ዛሬ እዚሁ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ ውስጥ እኔ የሳልኩት መደርደሪያ ወይም የበረንዳ አጥር የሌለበት የሐበሻ ምግብ ቤት ካለ አሳዩኝ። ከሁሉ የምኮራበት ግን ቤቴ ያለው የደረጃ መደገፊያ ነው።

እሱን በሠራሁበት ጊዜ ልቤን ኦፕራሲዮን ሊያደርጉኝ ቀጠሮ ተይዞልኝ ነበር። ለራሴ አልፈራሁም፤ እኔ የምፈራ ሰው አይደለሁም። የፈራሁት ለባለቤቴ ነው። ጉልበቷ ከታመመ ቆይቷል፣ መኝታ ቤታችን ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። ሁልጊዜ ክንዴን ይዛ ነው የምትወጣው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለወራት ከባድ ነገር እንዳላነሣ፣ ሰውም እንዳላስደግፍ ተነገረኝ። ባልመለስስ?

ስለዚህ ክንዴን የሚተካ ብረት ልሠራላት ተነሣሁ። ደረጃውን በአንድ ፋይል፣ ብረቱን በሌላ ፋይል ሳልኩ። ከዚያ ብረቱ ቁመቱን ከደረጃው ፋይል እንዲወስድ ከእርከኑ ጠርዝ ጋር አሰርኩት። በሙያችን ሬፈረንስ እንለዋለን፤ ደረጃው ሲቀየር ብረቱም አብሮ ይቀየራል። ቁመቱን ለማወቅ እንደ ልማዳችን ይዛኝ ስትወጣ መሀል ላይ አስቆምኳትና፣ ከእርከኑ ጠርዝ እጇ እስካረፈበት ድረስ በሌላው እጄ ለካሁ።

«ቀሚስ ልታሰፋልኝ ነው?» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ቁሚ።»

እንግልውድ ከተማ ብየዳ ቤት ያለው፣ እንደ ልጄ የማየው ሰው፣ የላክኩለትን ስዕል ሲያይ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ዝቅ አላለም? አንዴ ቼክ ቢያደርጉት።»

«እኔ ስዕል ተሳስቼ አውቃለሁ?»

«ኧረ አያውቁም። ግን የተቆረጠ ብረት ሲቀጠል አያምርም። ነገ ጠዋት ነው የምቆርጠው።»

ልክ መሆኔን ላሳየው ብዬ የመጥረጊያ እንጨት በስዕሉ ቁመት ግድግዳው ላይ መታሁና ባለቤቴን ጠራኋት።

«ይሄ ለማን ነው? ለልጅ ልጆችህ?» ብላ ሳቀች። ጎንበስ ብላ ያዘችው። ሁለተኛው እርከን ላይ ጉልበቷ ከዳትና ተቀመጠች። ሳቋ ጠፋ።

«ተወው፣ አንተ ሰውዬ። ሳሎን ሶፋው ላይ እተኛለሁ። አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ተነሺ፣ እኔን ያዢኝና እንሞክር» አልኳት። ክንዴን ያዘች። ወደ ታች እግሮቻችንን ሳይ ገባኝ። ከተጋባን ጀምሮ ደረጃ ስንወጣ እኔ እቀድማለሁ፣ እሷ ከኋላ ትከተላለች። እንደዚያ ነው ያደግነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። እጇ ያረፈበትን የለካሁት እኔ ከቆምኩበት እርከን ነበር፤ እሷ የቆመችው ግን አንድ እርከን ዝቅ ብላ ነው። ብረቱን ያሰርኩት ከእኔ እግር ነው፤ የምትወጣው ደግሞ በራሷ እግር ነው።

ላፕቶፑን ከፍቼ ሬፈረንሱን ከእኔ እርከን ፈታሁና፣ ልኩ ላይ የአንድ እርከን ቁመት ጨምሬ እሷ ከቆመችበት ጋር አሰርኩት። ብረቱ እንዳለ ከፍ አለ፣ ምሰሶዎቹም ተከትለው ረዘሙ። ሌላ ሰው ቢሆን ከባዶ ይጀምር ነበር። ከዚያ በሁለቱ ፋይሎች መካከል ያለውን ግንኙነት ልቆርጠው ወሰንኩ። ልኩ ለብየዳ ቤቱ በምልከው የብረቱ ፋይል ውስጥ ከቀረ፣ ላፕቶፔ ቢጠፋም፣ እኔም ባልኖር፣ ብየዳ ቤቱ ያንኑ ብረት መልሶ ይሠራላታል። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። ጣቴ ትንሽ ዘገየች፤ ከዚያ «አዎ» የሚለውን ተጫንኩት።

ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት ብረቱ ተተከለ። ባለቤቴ ይዛው ብቻዋን መውጣት ጀመረች፤ እኔ ታች ሆኜ፣ ብትወድቅ ልይዛት እጆቼን ዘርግቼ አያታለሁ። ቀጥ ብላ ወጣች። መሀል ስትደርስ ቆመችና ዞረች።

«ያኛው እጄስ ባዶውን ይውጣ?»

ወጥቼ ያዝኳት። ደረጃው ለሁለት ሰው ይጠባል። ተጣብበን ወጣን፤ አልቀደምኳትም።