በብልቃጡ ላይ የጻፍኩት ዓመተ ምሕረት

ይህን ለባሌም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለአንተ ለማላውቅህ አንባቢ የምነግርህ ፊትህን ስለማላይ ይሆናል። ፈሪ ነኝ፤ ያኔም ፈሪ ነበርኩ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ አሜሪካ ኦክላንድ ከተማ፣ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። የምንሠራው ከባክቴሪያ በሚገኝ ኢንዛይም ላይ ነው። ሴል ፕሮቲን ሲሠራ አሚኖ አሲድ እያመጣ የሚያቀብለው ትራንስፈር አርኤንኤ የሚባል ነገር አለ፤ ያ ኢንዛይም እሱ ከተሠራባቸው ኬሚካላዊ ፊደላት አንዷን ነቅሎ በቦታዋ ሌላ ይተክላል። አጥርቼ ለማውጣት አራት ወር ፈጀብኝ። በትንንሽ ብልቃጥ ከፋፍዬ፣ ቀን ጽፌ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩት።

የጻፍኩት 5/8/78 ነው። ሚያዝያ አምስት፤ በፈረንጆቹ ሰማንያ ስድስት መሆኑ ነው። ልጄን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ላስነሳ በኛ አቆጣጠር ቀን ስቆጥር ስለሰነበትኩ እጄ ያንኑ ጻፈ። እጄ እላለሁ ደግሞ! የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ዕቃ የሚያጥቡልን ጋሽ እድሪስ አማርኛ አሳምረው የሚናገሩ የአስመራ ሰው ነበሩ። በወሩ አለቃችን ፍሪዘሩ ሞላ ብላ፣ ከሰማንያ በፊት የተጻፈበትን ሁሉ እንዲጥሉ አዘዘቻቸው። እሳቸውም 78 የሚለውን አይተው ብልቃጦቼን ጣሉ። አሜሪካ ተቀምጦ በኛ ዘመን የሚጽፍ ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ብልቃጦቹን ለምን እንደጣሉ ሲጠየቁ ሰባ ስምንት ይላል አሉ። አለቃችን ባለፈው ወር የተሠራ ነው፣ ቁጥር እንኳ ማንበብ አይችሉም አለች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንዲት ብልቃጥ ለሥራ አውጥቻት ጠረጴዛዬ ላይ በረዶ ውስጥ ቀርታ ነበር፤ እሷም ላይ 78 ስለሚል አለቃችን ብታያት ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። አልኮል በነካ ጨርቅ ጽሑፏን ጠረግኩት። እኔ ጠረግኩት፣ በገዛ እጄ። በዚያው ሳምንት ከሥራ አስወጧቸው። አራስ ነበርኩ፣ ሥራው ያስፈልገኝ ነበር ልበል? እሳቸውንስ አላስፈለጋቸውም?

ቅዳሜ ጠዋት ቤት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ኮል ያደረግኩልሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ያ ሰባ ስምንት የኛ አቆጣጠር ይሆን እንዴ?»

አውቀውት ነበር። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«አይደለም ጋሽ እድሪስ» አልኩ። «በፈረንጅ ነው የጻፍኩት። ዓይንዎ አሳስቶዎት ይሆናል።»

«እንግዲያው ዓይኔ ነው» አሉ። «የአራት ወር ልፋትሽን ገደል ከተትኩት። ይቅር በይኝ ልጄ።»

እኔም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳቸው።

ሳን ሆዜ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ከዓመታት በኋላ እሳቸው አርፈው ለቅሶ ስደርስ ልጃቸው አጫወተችኝ፤ ሳንታ ክላራ ያለ የዓይን ሐኪም ምንም የለብዎትም ቢላቸውም አላመኑም፣ ዓይኔ ሰው ይበድላል ብለው መኪና መንዳት ተዉ፣ ደብዳቤ እንኳ በሰው ነበር የሚያስነብቡት። ይህን ስትነግረኝ እጇን ይዤ አለቀስኩ። ያኔም አልነገርኳትም።

ይቅርታ አድርግልኝ እንዳልልህ የተበደልከው አንተ አይደለህም። ከእሳቸውም ልጠይቅ አልችልም። ይቅርታውን የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ።