ሰይፖኔ ላሟን የለወጠችበት አምፕሊፋየር

ሰይፖኔ ከእናቷ የወረሰቻትን ቡሬ ላም የሸጠችው አምፕሊፋየር፣ የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ ልትገዛበት ነው። ጋንዚ ከተማ ውስጥ ይህን የሰማ ሁሉ አፉን ያዘ። ሴትዮዋ ቄራ ውስጥ ሥጋ ስትበልት ትውላለች፤ ቅዳሜ ሲደርስ ግን በዚያ ሙቀት ከአንገት እስከ እግር ጥቁር ቆዳ ለብሳ፣ ሰንሰለቷን አንጠልጥላ፣ እንደ እሷው ሮከር ከሚባሉት የባንድ ጓደኞቿ ጋር ያንን ከባድ የሮክ ሙዚቃ ትጫወታለች። አሮጌው አምፕ ሲያስልና ሲያስነጥስ ከርሞ ሞተ። ለመጪው የጋንዚ የሙዚቃ ድግስ ደህና አምፕ ካልተገኘ ጊታሯን የሚሰማላት የለም፤ ላሚቱም የሄደችው ለዚሁ ነው።

እንግዲህ በእነሱ ዘንድ ትልቅ ጉዳይ የሚያልቀው በሸንጎ ነው። ሁሉም የልቡን ይናገራል፣ ታላቁ መጨረሻ ላይ ይቋጫል፣ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። የባንዱ ታላቅ ደግሞ ዘፋኙ ሞአጊ ነው፤ በአክብሮት ራ ሞአጊ ይሉታል። ዋና ከተማው ጋቦሮኔ ድረስ ወርደው፣ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ፣ ሁለት አምፖች ፊት ሸንጎ ተቀመጡ።

አንደኛው የሚያብለጨልጭ ነው፤ ድምፁን የሚያሻክረው ጌን የሚሉት ቁልፍ ሲከፈት ሱቁን ያናውጣል። ሌላው ጥቁር ተራ ሣጥን ነው። ሰይፖኔ በሁለቱም ጊታሯን መታች፤ ለመወሰን ጊዜ አልፈጀባትም።

“ይሄኛው ይሁን” አለች ተራውን እያሳየች። “ያኛው የሚያስፈራው ብቻውን ሲሆን ነው። የድምፁ ሥር ወፍራም፣ ጫፉ ስል፣ ጊታር የሚሰማበት መሐሉ ግን ባዶ። ከበሮና ቤዝ ጊታር ሲገቡበት ይውጡታል።”

“ኧረ ተይ፣ ሆዴን ነው እኮ ያንቀጠቀጠው” አለ ከበሮ መቺው ኦሌቢሌ።

“አንተ ምን ቸገረህ? ከበሮህን ማን ይሸፍንብሃል?”

ሻጩ እንኳ እሷ ለጠየቀችው የሚመልሰው ለሞአጊ ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ሞአጊ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ፣ “በሸንጎ የተነገረ ቃል ሁሉ መልካም ነው” አለ፤ የአባቶቻቸው ብሂል ነው። “የሰይፖኔም ቃል መልካም ነው። የምንገዛው ግን የሚያብለጨልጨውን ነው።”

መልካም ከሆነ ታዲያ ለምን አልተሰማም? ላሚቱ የማን ነበረች? ግን ሸንጎ የቋጨውን ማፍረስ ነውር ነው፤ ጥርሷን ነክሳ ከፈለች።

የድግሱ ዕለት ሮከሮቹ ከየመንደሩ፣ ከየከብት ማደሪያው የቆዳ ልብሳቸውን ለብሰው ጎረፉ። ሰይፖኔ መድረኩ ላይ ብቻዋን ስትሞክረው መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሰዉ አፏጨላት። ለአፍታ “ተሳስቼ ይሆን?” አለች በልቧ። ከዚያ ኦሌቢሌ ከበሮውን ጀመረ፣ ቤዙ ተከተለ፣ ጊታሯ ድራሹ ጠፋ። ጌኑን ቀነሰች፤ የመሐሉን ድምፅ እስከ ጥግ ከፈተች፤ ወይ ፍንክች። ጣቷ እስኪደማ ትመታለች፣ ራሷ እንኳ አትሰማውም።

የመጀመሪያው ዙር መዝጊያ ዘፈን ላይ ደሟ ፈላ። እጇን ከክሩ አንሥታ ጊታሩ ላይ አሳረፈችና ዝም ብላ ቆመች። ዘወር ብሎ ያያት ሰው የለም። ኦሌቢሌም፣ ሞአጊም አላዩም። ዘፈኑ ያለ እሷ አለቀ፣ ጭብጨባው ቀለጠ።

ሞአጊ ላቡን እየጠረገ መጣና ትከሻዋን መታ አደረጋት። “ዛሬስ ኮራሁብሽ፣ እህቴ። አሮጌው አምፕሽ ሁልጊዜ ድምፄን ይጋፋብኝ ነበር። ሱቅ ውስጥ ያንን ተራውን ስትመቺው ገባኝ፣ ያው ሊሆን ነው አልኩ። ይሄ ግን ልክ ነው። በተለይ መዝጊያው ላይ!”

ለካ ለዚህ ኖሯል። ሸንጎው፣ ብሂሉ፣ ያ ሁሉ ወግ።

“መዝጊያውን አልመታሁም፣ ሞአጊ” አለችው። ራ ማለቱን ትታዋለች።

ሰውየው ወደ ኦሌቢሌ ቢዞር፣ ኦሌቢሌ አቀርቅሯል። ሰይፖኔ ሽቦውን ነቅላ ጠቀለለች፣ አምፑን ብቻዋን ተሸክማ ፒክአፕ መኪናዋ ላይ ጫነች።

“ወዴት ነው? ሁለተኛው ዙር አለብን እኮ” አለ እየተከተላት።

“ጋቦሮኔ። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነኝ፤ ይህን መልሼ ያንን ተራውን አመጣለሁ።” ሞተሩን አስነሣች። “ሁለተኛውን ዙር አንተ ዝፈን። የሚጋፋህ የለም።”