ብቻዋን ብትመጣ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባጃጅ ስጠብቅ ከአንዲት ሻጭ ቅርጫት የዘይቱና ሽታ መጣብኝ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አያቴ ከድሬዳዋ ሐረር ድረስ ሦስት ቀን በእግር አስኬደኝ። መኪና እያለ! ገበያ ያለበት ከተማ በደረስን ቁጥር አንዲት ዘይቱና ሻጭ ፊት ያቆመኝና በኦሮምኛ፣ «የልጄ ልጅ ናት፤ ብቻዋን ብትመጣ አሳድሪያት» ይላታል። ሴትዮዋም ፊቴን ትክ ብላ አይታ አንድ ፍሬ ታስጨብጠኛለች።

መንገድ ላይ፣ ደንገጎ ስንደርስ፣ ሊተወኝ መስሎኝ፣ «አባባ፣ ብቻዬን ለምን እመጣለሁ?» አልኩት።

«አትምጪ። አባረውሽ ከመጣሽ ግን ማደሪያ አታጪም።»

አያቴ አረፈ። ያን ሁሉ ለምን እንዳደረገ እናቴን ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች። እኔም በዚያ መንገድ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም።

የሳቢያኗ ሻጭ ቀና ብላ ስታየኝ «መጣሁ» ልላት ዳዳኝ። «ማን አባረረሽ?» ብትለኝ ግን ምን እላታለሁ?